የደምሰው አውራ ጣት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ የጎረቤቴ ልጅ ቃልኪዳን በፌስታል የተቋጠረ ብረታ ብረት ይዛ መጣች። እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያገለገለ የኮርስ ሳይክል ከሰው ገዝታለች፤ ያ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘው፣ የውድድር ሳይክል ማለቴ ነው። ከፔዳሉ ጋር የሚዞረው የፊት ጥርስ ሁለት ነው። እሷ አንዱን አንሥታ በአንዱ ብቻ መንዳት አምሯታል። ዘንድሮ ወጣቱ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው አለችኝ፤ ሳይክሉ ይቀላል፣ ካቴናው ቶሎ ቶሎ አይወልቅም፣ ጣጣውም ይቀንሳል። እዚህ ድረስ ልክ ናት። የቸገራት መቀየሪያው ነው። የፊት ጥርስ አንድ ብቻ ከሆነ የኋላውን የሚያዝ አንድ ማርሽ መቀየሪያ ይበቃታል፤ ግን የትኛው? ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው።

«ጋሼ፣ ከእነዚህ የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ።

የሳይክል ነገር ከተነሣ አፌ እንደማይዘጋ ሰፈርተኛው ያውቃል። ያን ቀን ግን ዝም አልኩ። ከዘረገፈቻቸው መሃል አንዷ ቀለሟ የተላላጠ፣ በአውራ ጣት የምትገፋ የድሮ መቀየሪያ ነበረች። አንሥቼ ወዲያና ወዲህ አደረግኋት። ቃልኪዳን ዝም ማለቴን አለማወቅ ሳይመስላት አልቀረም፤ «ግዴለም፣ ኢንተርኔት ላይ አያለሁ» ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። ትመልከት፣ ማን ከለከላት። እኔን ግን የደምሰው ግራ እጅ ነበር ትዝ ያለኝ።

ደምሰው አብሮ አደጌ ነው። ሁለታችንም መንዝ ውስጥ ያለችው የዘመሮ ከተማ ልጆች ነን። መንዝን ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። በታኅሣሥና በጥር ጠዋት ውርጩ ሜዳውን ጨው የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። ሰዉ በርኖሱን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ሰላምታውን እንኳ ከውስጥ ሆኖ ነው የሚሰጠው። ፀሐይ ወጥታ ድንጋዩ እስኪሞቅ ድረስ ከገብስ ቆሎ በቀር ማንም ምንም ነገር በእጁ መያዝ አይወድም። እኔ ያኔ በአባቴ ሱቅ ጎን፣ ከቆርቆሮ በቀለስኳት ጥግ ሳይክል እጠግን፣ ለልጆችም አከራይ ነበር። ደምሰው ደግሞ ትምህርቱን ጨርሶ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኖ ተመልሷል። ሥራው በየገጠሩ እየዞሩ በግ መከተብ ነው። ከምስክር ወረቀቱ ሌላ ይዞት የመጣው ንብረት ቢኖር አንድ ሰማያዊ ኮርስ ሳይክል ነበር።

ለኮረኮንች መንገድ ኮርስ መግዛት ሰጋር በቅሎ ለእርሻ እንደ መጥመድ ነው ብዬ አሹፌበታለሁ። እሱ ግን እንዲያ አድርጎ ነው የሚነዳው። እኔም የሚያስገባውን ያህል ወፈር ያለ ጎማ ፈልጌ አስገባሁለት። ከዚያ ወዲያ ሳይክሉ የክብር ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የሥራ ዕቃ ሆነ። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ነው የሚጓዘው፤ ሳይሞቅ ካልደረሰ በጉን ውኃ መውጋት ማለት ነው። በእግር ከተሄደ ፀሐይዋ ትቀድማለች። ደምሰው ሣጥኑን ከኋላው አሥሮ ጎህ ሲቀድ ይወጣና ገበሬው በጉን ሳያሰማራ ደጁ ላይ ይደርሳል። ገበሬዎቹ ይወዱታል። ሳይከትብ የዋለበት ቀን የለም ይባልለት ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ለእናቱ እህል ሊያስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄደ። ቀበቶው እየዞረ ሳለ ወለቀ። ደምሰው ከእጁ የፈጠነ አእምሮ የለውም፤ ሞተሩ እስኪጠፋ ሳይታገሥ ሊመልሰው እጁን ላከ። ቀበቶው ከግራ እጁ ሦስቱን መሃለኛ ጣቶች ወሰደ። አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ተረፉ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ከእኛ አገር ሰው በቀር የሚያደርገው ያለ አይመስለኝም። ደምሰው ከሆስፒታል እንደ ተመለሰ ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። «አይዞህ»፣ «እግዜር ይማርህ»፣ «ከዚህ የባሰ አታምጣ በል» የማይለው የለም። ይኼ ደግ ነው። ነገር ግን ማዕድ በቀረበ ቁጥር ሁሉም ያጎርሰዋል። እናቱ እማማ የሺ ያጎርሱታል፣ ጎረቤት ያጎርሰዋል፣ መንገድ ላይ አግኝቶ እቤቱ ያስገባው ሁሉ ያጎርሰዋል። ልብ በሉ፣ ሰው የሚበላው በቀኙ ነው። የደምሰው ቀኝ እጅ ደግሞ አንዲት ጭረት የለባትም። የተጎዳው ግራው፣ የሚጎርሰው በቀኝ መብላት የሚችል ጎልማሳ! አንድ ቀን እኔው ፊት፣ «እማዬ፣ ቀኜ እኮ ደህና ነው» አላቸው። እማማ የሺ፣ «አውቃለሁ የኔ ጌታ» አሉና ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉለት። እንባ የተቀላቀለበት ጉርሻ እምቢ አይባልም። በላ።

በጉርሻ ብቻ አላበቃም። ውኃ ከእንስራ እንዳይቀዳ ከለከሉት። ኮርቻ እንዳያነሣ፣ በር እንዳይከፍት፣ የጫማውን ማሠሪያ እንዳያስር ሁሉም ይሽቀዳደምለታል። ቁስሉ ድኖ፣ ቆዳው ገጥሞ እንኳ ግራ እጁን በነጠላ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ እንዲያኖር አስለመዱት። የገና በዓል ሲደርስ ፊቱ ከድሮው ይልቅ ሞልቶ ነበር። ሳቁ ግን ቀርቷል። እንደ ልጅነታችን አንድ ነገር ተናግሬ ላስቀው ስሞክር በትሕትና ፈገግ ይልልኛል፤ እንግዳ እንዳነጋገረው ሰው። ይኼ ፈገግታው ነው እኔን ያስፈራኝ።

ከዚያ የአጎቱ መልእክት መጣ። የእማማ የሺ ታናሽ ወንድም ጋሽ ተፈራ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። ለደምሰው ሥራ አግኝቼለታለሁ፣ ለጥምቀት መጥቼ ይዤው እመለሳለሁ ብለው ላኩ። ሥራው የአንድ ግቢ በር መጠበቅ ነው። ቁጭ ብሎ መዋል፣ መኪና ሲመጣ መክፈት። ለተጎዳ ሰው ይኼ ከሰማይ የወረደ ነው ተባለ። እማማ የሺ በሶና ጭኮ ማዘጋጀት ጀመሩ፤ የልጃቸውን ልብስ አጠቡ። የደምሰው መሥሪያ ቤት በበኩሉ እስከ ጥምቀት ቦታህን ይዘን እንጠብቅሃለን ብሎት ነበር። መዞር ከቻለ ሥራው የእሱ ነው፤ ካልቻለ ግን አውራጃው ያለ ከታቢ አይቀመጥም፣ ሌላ ሰው ይቀጠራል። በጉን የሚይዘው ባለቤቱ ነው፣ መርፌ የሚወጋው ቀኝ እጅ ነው፤ ደምሰው ለመከተብ የሚያንሰው ነገር የለም። ያጣው መሄጃውን ነው።

አንድ ማለዳ ሳይክሉን በአንድ እጁ እየገፋ ጥጌ ድረስ መጣ። «ሥራልኝ» ብቻ ነው ያለኝ።

ግራ እጅ ሳይክል ላይ ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱን ፍሬን ይይዛል፣ የፊቱን ማርሽ ይቀይራል። የፍሬኑ አላስቸገረኝም፤ ሁለቱም ገመዶች በቀኙ መያዣ አንድ ላይ እንዲሳቡ አድርጌ አሠርኩት። የፊቱን ማርሽ ደግሞ ማጥፋት ነበር መፍትሔው። ትልቁን የፊት ጥርስ ፈትቼ አነሣሁና ለዳገት የምትሆነውን ትንሿን ብቻ አስቀረሁ። ደምሰው የተነሣውን ጥርስ አገላብጦ አየው። የኮርስ ኩራቱ ትልቁ ጥርስ ነው፤ ሜዳ ላይ ነፋስ የሚያስንቀው እሱ ነው። «በል ደህና ሁን» አለው፣ እንደ ሰው። ካቴናውን አሳጠርኩ። ቀረ መቀየሪያው።

ሦስት ምርጫ ነበረን። አንዱ ሳይክሉ ይዞት የመጣው ነው፤ ከመሪው ራቅ ብሎ ወደ ታች በሚወርደው ዘንግ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ማንሻ። ያን ለመንካት ቀኝ እጅ መሪውን መልቀቅ አለበት፤ ያኔ ኮረኮንቹ ላይ ሳይክሉን የሚይዘው የተጎዳው ግራ ብቻ ሊሆን ነው። ይኼን ወዲያው ተውነው። ሁለተኛው፣ እኔ እንደ ዓይኔ ብሌን የምጠብቀው፣ አዲስ አበባ ከተጋጨ ሳይክል ላይ የገዛሁት ዘመናዊ መቀየሪያ ነው። ፍሬኑም ማርሹም አንድ ላይ ናቸው፤ ሲስቡት ያቆማል፣ ወደ ጎን ሲገፉት ቀጭ ብሎ ማርሽ ይቀይራል። ቀኝ እጅ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሁሉን ይሠራል። ሦስተኛው ከአንድ የወደቀ የተራራ ሳይክል ላይ የነቀልኩት፣ በአውራ ጣት የሚገፋ ተራ ማንሻ። ቀጭ የሚል ድምፅ የለውም፤ ነጂው እየገፋ፣ ካቴናው ጥርሱን መያዙን በጆሮውና በእግሩ መስማት አለበት። እሱን ለክፉ ቀን ነበር ያስቀመጥኩት።

ስንመክር እማማ የሺ ምሳ ሊያደርሱለት ብቅ አሉ። ነገሩን አስረዳኋቸው። ሁሉ በቀኙ የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «እሱን አድርጉለት፤ ግራው ይረፍ» አሉ። መረቁንም። ደምሰው የአውራ ጣቷን ማንሻ አንሥቶ መልሶ አስቀመጣት። ዘመናዊውን ገጠምኩት፤ እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

በማግሥቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ቁልቁለት ለሙከራ ወረደ፤ እኔ ከላይ ቆሜ አያለሁ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ አነስተኛ ወንዝ አለ፣ ወዲያው ደግሞ ዳገት ይጀምራል። እዚያች ቦታ ላይ ፍሬን መያዝም ማርሽ ማቅለልም በአንድ ጊዜ ያስፈልጋል። በጎች መንገዱን ሞልተው ሲሻገሩ ደረሰባቸው። ቀኝ እጁ ፍሬኑን ጨብጧል፤ ማርሹን ሊገፋ ሲል ፍሬኑ ላላ፣ ፍሬኑን መልሶ ሲጨብጥ ማርሹ ቀረ። አንዲት እጅ ለሁለት ጌታ ስትገዛ እንዲህ ነው። በጎቹን ለማዳን መሪውን ጠመዘዘና ቦይ ውስጥ ገባ። ጉልበቱ ተላጠ፣ ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ከተማ ደረሰ፤ እማማ የሺ ዘንድ ሲደርስ ልጃቸው ተሰባብሯል ሆኖ ነበር። ሳይክሉን ጭድ ቤት አስገብተው ቆለፉበት።

ጥምቀት እየቀረበ ነው። ደምሰው ወደ ጥጌ መምጣቱን ተወ። ሁለት ሦስት ቀን ታግሼ እኔው እቤታቸው ሄድኩ። እማማ የሺ በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ ጠላ ቀዱልኝ፣ ቆሎ አቀረቡልኝ፣ አባቴንና እናቴን በየስማቸው ጠየቁ። ከዚያ እንዝርታቸውን አስቀምጠው፣ «መልሰህ ልትጥልብኝ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞተው፣ እኚህ ሴት ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠራበትን ክር እየፈተሉ ያሳደጉት የበኩር ልጃቸው ነው። መቆጣት ቀርቶ ቢመቱኝ ይገባቸዋል ብዬ አቀረቀርኩ።

ደምሰው መደቡ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ተነሣና ግራ እጁን ከነጠላው አወጣው። ከመስከረም ወዲህ እጁን ገላጣ አድርጎ ሲያሳይ የመጀመሪያው ነበር።

«እማዬ፣ ወፍጮው የወሰደብኝ ሦስት ጣት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የቀረውን የወሰዳችሁብኝ እናንተ ናችሁ።»

እማማ የሺ እጁን አዩት፤ አውራ ጣቱ ወፍራም፣ ጤነኛ፣ የገበሬ ልጅ አውራ ጣት ነው። ትንሿም ጣት ትንቀሳቀሳለች። ደምሰው ወደ እኔ ዞረና፣ ያቺን የአውራ ጣቷን ማንሻ በግራ በኩል ግጠማት፣ ቀኜ ፍሬኑን ይያዝ፣ ግራዬ ማርሹን ይሥራ አለኝ። እኔም ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የፊቱ ጥርስ አንድ በመሆኑ የግራ በኩል ሥራ ፈት ነው፤ የኋላውን ማርሽ ገመድ ዙሪያውን አዙሬ ወደ ግራ ብሰደው የሚከለክለኝ የለም። ቀጭ ቀጭ የማይል መቀየሪያ ደግሞ ከየትኛውም የኋላ ማርሽ ጋር ይስማማል። እኛ ሁላችን ግራ እጁን እንዴት እናሳርፈው ስንል፣ እሱ ሥራ ይሰጠው ነበር የሚለው።

እማማ የሺ ከመቀነታቸው የጭድ ቤቱን ቁልፍ ፈትተው ሰጡኝና፣ ሥራው እዚሁ ደጃቸው ላይ፣ ዓይናቸው እያየ እንዲሆን አዘዙ።

ስለዚህ የመሣሪያ ሣጥኔን ተሸክሜ እዚያው ሄድኩ። የማንሻው ማቀፊያ ለኮርሱ መሪ ጠበበ፤ በሞረድ ሞርጄ፣ በጉጠት ከፍቼ አሰፋሁት። ከቀኙ ዘመናዊውን አውርጄ ተራ የፍሬን መያዣ ተካሁ፤ ዘመናዊውንም በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ሣጥኔ መለስኩት። እማማ የሺ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ፤ ዓይናቸው ግን ከእኛ አይነሣም። ደምሰው መዳፉን መሪው ላይ ጭኖ፣ በትንሿ ጣቱ ቆልፎ፣ በአውራ ጣቱ ማንሻዋን መግፋት ይለማመዳል። እኔ ሳይክሉን ከኋላ አንሥቼ ፔዳሉን አዞርለታለሁ። መጀመሪያ ካቴናው ይንገጫገጫል። ትንሽ ሲጨምር ዝም ይላል። ያ ዝምታ ነው ማርሹ ገባ ማለት።

በማግሥቱ ማለዳ ስመጣ እማማ የሺ እንደ ወትሮው አልተቀመጡም። ማንሻዋን በጣታቸው ይዳስሷታል። ውርጭ አድሮባት ብረቷ እንደ በረዶ ቀዝቅዛለች። «ይኼ ብረት ሲነካው ጠባሳው አያመውም?» አሉኝ። ያማል። ሲበርድ የተቆረጠ ቦታ እንዴት እንደሚጠዘጥዝ ደምሰው ነግሮኝ ነበር፤ ለእሳቸው ግን አልነገራቸውም። ከእንዝርታቸው የጥቁር በግ ሱፍ ክር ወስደው ማንሻዋን ደጋግመው ጠመጠሟት፤ ጫፉን በጥርሳቸው በጠሱ። ብረቷ ወፈረች፣ ሞቀች፣ ለአውራ ጣትም ተመቸች። ሳይክል ሱፍ ሲለብስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሥራዬን አበላሹት ልል ነበር፤ ደምሰው ገፍቶ ሲሞክራት ግን ከእኔ ሥራ ይልቅ የእሳቸው እንደረዳው አየሁ።

የክትባቱ ቀን ቀየት ወደሚባለው ገጠር በኩል ነበር። ሣጥኑን ከኋላው አሠርንለትና ገና ውርጩ ሳይሟሟ ወጣን። እኔ ከሚከራዩት ሳይክሎቼ ከባዱን ይዤ ተከተልኩት፤ ቢወድቅ ላነሣው እንጂ ልደርስበት አልነበረም። መንገዱ ግራና ቀኙ የታጨደ የገብስ ማሳ ነው፤ ነዶው በየአውድማው ተከምሯል፤ ከሩቅ አንድ ሰው በሬዎቹን እያዞረ ሲዘፍን ይሰማል። ሳንባዬ በብርዱ ተቃጠለ። ፊቴ ያለው ደምሰው በርኖሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ግራ ክንዱ ከነጠላው ወጥቶ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ይነዳል።

ያ ቁልቁለት ደረሰ። እኔ ፍሬኔን ያዝኩና በልቤ ማርያምን ጠራሁ። ደምሰው ወረደ። ቀኝ እጁ ፍሬኑን እየቆነጠጠ ፍጥነቱን ሲቀንስ ይታየኛል። ወንዙ ጋ ሲደርስ ካቴናው አንዴ ሲንገጫገጭ ሰማሁ፤ ወዲያው ዝም አለ። እግሩ ሳያቋርጥ ዳገቱን ተያያዘው። እኔ ዳገቱን በእግሬ እየገፋሁ ነው የወጣሁት፤ እላይ ስደርስ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በሶ በኩባያ እየበጠበጠ ነበር። ኩባያውን በግራ መዳፉና በጉልበቱ መሃል ይዞ በቀኙ ያማስላል። ልረዳው እጄን ስዘረጋ፣ «ተው እንጂ፣ አንተ ትንፋሽህን ሰብስብ» ብሎ ሳቀብኝ። የጥንቱ ሳቁ ነበር። ያ በሶ እንዴት እንደጣፈጠኝ! ማር እንኳ አልነበረበትም፣ ጨውና ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ።

የሣጥኑ በረዶ ሳይሟሟ ደረስን። ገበሬዎቹ ደምሰውን ሲያዩ መጀመሪያ «አይዞህ» ሊሉት ከበቡት። እሱ ግን መርፌውን አውጥቶ፣ በጉን ማን ይይዛል ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ በግ ሆነ።

ጋሽ ተፈራ ለጥምቀት መጡ። የደምሰውን ወደ ሥራ መመለስ በመንገድ ሰምተዋል፤ ሆኖም በጎ አሳቢ ናቸውና አላመኑም። ታቦቱ ከገባ በኋላ ቤት ተሰበሰብን። ድፎ ዳቦው ቀረበ፤ በኮባ ተጋግሮ እንደ ጋሻ የሰፋ ነው። በእኛ ዘንድ የበዓል ዳቦ የሚቆርሰው፣ ቄስ ከሌለ፣ የቤቱ አባወራ ነው። አባቱ ካረፉ ወዲህ ቆራሹ ደምሰው ነበር። የገናውን ግን ጎረቤት ነበር የቆረሰው፤ ዳቦ አንድ እጅ ካልያዘው ሌላው አይቆርሰውምና። ጋሽ ተፈራ ይኼን ያውቃሉ። ልጁን ላለማሳፈር ብለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ቢላዋውን አነሡ።

እማማ የሺ ቢላዋውን ከእጃቸው ቀስ ብለው ወሰዱ።

«ተፈራ፣ አንተ እንግዳ ነህ» አሏቸው። «የቤቱ ቆራሽ አለ።»

ቢላዋውን ደምሰው ፊት አኖሩት። ደምሰው ጸለየ። ግራ መዳፉን ዳቦው ላይ ጣለ፣ አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ዘርግቶ ያዘው፣ ቆረሰም። ትንሽ ጠማማ ሆኖ ነው የተቆረሰው። የመጀመሪያውን ለእናቱ ሰጠ። ሁላችንም በላን፣ ማንም ደምሰውን አላጎረሰውም። ጋሽ ተፈራ ከበዓሉ በኋላ የተዘጋጀውን ጭኮ ተሸክመው ብቻቸውን ተመለሱ፤ ሲሰናበቱም እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ሰው ጨብጠውት ነው የሄዱት።

ደምሰው ዛሬም መንዝ ነው፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ከእሱ የተማሩ ከታቢዎች አሉ። እማማ የሺ ካረፉ ቆዩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ስለ እሳቸው ሳስብ ያኔ ያልገባኝ አንድ ነገር አሁን ይገባኛል። ሰው የሚወደውን ሰው ከሥቃይ ሊያሳርፍ ሲል ከኑሮውም አብሮ ያሳርፈዋል። ክፋት ቢሆን ኖሮ ሰውየው ይታገለው ነበር፤ ፍቅር ስለሆነ ግን አፉን ከፍቶ ይጎርሳል።

አምና ታምሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ልጆቼ ሻዬን ግማሽ ብቻ ይቀዱልኛል፣ ሸሚዜን ይቆልፉልኛል፣ የመሣሪያ ሣጥኔን እንዳልደክም ብለው ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቅለውታል። ልጆቼ ክፉ ሆነው አይደለም። እማማ የሺም ክፉ አልነበሩም።

ቃልኪዳን ብረቶቿን መልሳ ፌስታል ውስጥ መክተት ጀምራ ነበር። የቱ እንደሚሻል እንድነግራት ነበር የጠበቀችው፤ እኔ ግን የጠየቅኋት የት የት እንደምትነዳ፣ ቁልቁለት ትፈራ እንደሆነ፣ የትኛው እጇ ቶሎ እንደሚደክማት ነው። ሁሉንም በትዕግሥት መለሰችልኝ። ከዚያ ሳይክሉን አምጪው፣ አብረን እየገጠምን እንሞክራቸዋለን አልኳት። ዓይኗ ወደ እጄ ሄደ። ያኔም እየተንቀጠቀጠች ነበር።

«አይደክምዎትም ጋሼ?»

«ይደክመኛል» አልኳት። «አምጪው።»